ከ200 እስከ 600 ኪሎ ሜትር በአንድ ሲዝን፣ ያውም ሁዳዴ መሃል ገብቶበት

ጎማ ነፊው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ። መስከረም በጠባ ቁጥር ዕቅድ ማውጣት ያምረኛል። ዘንድሮ ግን ዕቅዱ እርስ በርሱ ተጣላብኝና እናንተን ልጠይቅ መጣሁ።

43 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ሽፍት እሠራለሁ። ሳይክል የጀመርኩት መኪናዬ ሞተሩ ተቃጥሎ ወደ ሥራ መሄጃ ሳጣ ነው። መኪናው ከተሠራ በኋላም ሳይክሉን አልተውኩትም። ባለፈው ግንቦት የመጀመሪያዬን 200 ኪሎ ሜትር ብሬቬ ነዳሁ። ለማታውቁት፣ ብሬቬ ውድድር አይደለም። ካርድ ይሰጥሃል፣ መንገድ ላይ ያሉትን ኮንትሮሎች (ካርዱ የሚመታባቸውን ጣቢያዎች) ሰዓታቸው ሳይዘጋ ትደርሳለህ፣ ከኮንትሮል ውጪ መኪና ተከትሎህ ሊረዳህ አይችልም፣ አንደኛም ሆንክ መጨረሻ ማንም አይሸልምህም። ለ200ው 13 ሰዓት ተኩል ይሰጣል። እኔ 12 ሰዓት ከ50 ፈጀብኝ። በማግስቱ ደረጃ የምወርደው ወደ ኋላ ዞሬ ነበር።

በ2027 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አራቱንም መጨረስ እፈልጋለሁ፦ 200፣ 300፣ 400፣ 600። ያው ዓመቱ ፓሪ-ብሬስት-ፓሪ ያለበት ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ በ4 ዓመት አንዴ የሚመጣው የ1,200 ኪሎ ሜትሩ። እሱን ለመግባት በዚያው ዓመት አራቱን መጨረስ ግድ ነው። እሄዳለሁ አልልም፣ ግን ካመለጠኝ ቀጣዩ 2031 ነው፣ ያኔ 48 ሊሞላኝ ነው፣ ስለዚህ በሩን መዝጋት አልፈልግም።

ችግሩ ካላንደሩ ነው። እዚህ አካባቢ ዋናዎቹ ብሬቬዎች ከማርች እስከ ጁን ናቸው። ሁዳዴ ደግሞ የካቲት 29 ይገባል፣ ማርች 8 ማለት ነው። ፋሲካ ሜይ 2። ዋና ወቅቱ ጾሙ ሆዱ ውስጥ ገባ! ጾሙን አልተውም፣ እሱ ላይ ክርክር አልፈልግም። የክለቡ ፕሮግራም ገና አልወጣም፣ ካለፈው ዓመት ተነስቼ ግን እንዲህ አሰብኩ፦ 200ን ማርች አጋማሽ፣ 300ን ኤፕሪል መጀመሪያ፣ 400ን ኤፕሪል 24፣ 600ን ሜይ አጋማሽ። እስከዚያ በሳምንት 150 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ምን ትላላችሁ? ምን ልብላ? መቼ ልተኛ?

ሰንሰለት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ ኤፕሪል 24 የሆሳዕና ዋዜማ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ተነስተህ ለ400ው የሚሰጠውን 27 ሰዓት ብትሞላ እሁድ ጠዋት ነው የምትገባው። ሰው ዘንባባ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አንተ የፊት መብራት አስረህ ነዳጅ ማደያ በር ላይ ተዘርረህ። በማግስቱ ሕማማት፣ ስግደት፣ ያውም በተቃጠለ ጉልበት። እባክህ ያንን ሰርዝ።

እኔ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፣ ሁሉንም ስህተት ሠርቼ ጨርሻለሁ። ሲዝን የሚታቀደው ከ200ው ወደ ላይ ሳይሆን ከ600ው ወደ ታች ነው። 600ህን ጁን መጀመሪያ ላይ አድርገው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም፣ ሰውነትህ የሚገነባው ያኔ ነው። 400ውን ሜይ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቅዳሜ። 300ው ሁዳዴ ውስጥ ቢገባ ምንም አይደለም፣ ምክንያቱም ቅዳሜና እሁድ ከሥጋና ከወተት ትታቀባለህ እንጂ እስከ 9 ሰዓት አትራብም (ቀዳም ሥዑር ሲቀር)። ብሬቬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ነው። 200ውን ፌብሩዋሪ ላይ፣ ጾሙ ሳይገባ ጨርሰው። ብርድ ነው፣ አውቃለሁ። ጓንት ግዛ።

በሳምንት 150 የምትለው ደግሞ፣ ያ በየቀኑ ወደ ሥራ የምትነዳው ከሆነ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ሰባት ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው 140 ነዳ፣ ግን ስምንተኛው ሰዓት ላይ አንገቱና መዳፉ ምን እንደሚሰማቸው አያውቅም። በሁለት ሳምንት አንድ ረጅም ንዳ። ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል ያለው የደብሊው ኤንድ ኦዲ መንገድ 45 ማይል ነው፣ ደርሶ መልስ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መኪና የለበትም። ግን የድሮ ባቡር መስመር ስለሆነ ዳገቱ ለስላሳ ነው፣ እሱን ብቻ ነድተህ ተራራ ያለበት ብሬቬ ላይ ብትመጣ ታለቅሳለህ። ወደ ምዕራብ ውጣና ዳገት ፈልግ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያ 300ዬን ሰዓት አልፎብኝ ነው የወደቅኩት። እግሬ ደህና ነበር። በኋላ ጂፒኤሱን ሳየው ቆሜ ያሳለፍኩት ጊዜ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ! ሽንት ቤት፣ ቡና፣ ስልክ፣ ጃኬት ማውለቅ፣ ጃኬት መልበስ፣ ከሰው ጋር ወሬ። 300ው የሚሰጠው 20 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ላይ አራት ሰዓት ገደማ በወሬ በላሁት። አሁን ማደያ ስገባ ምን እንደማደርግ በሩ ላይ ሳልደርስ በቃሌ እደረድራለሁ። ውሃ፣ ሙዝ፣ ካርድ፣ ውጣ።

ዳገት ወዳጅ (አዲስ አበባ)

እናንተ ሰዎች ጤነኛ ናችሁ ግን? 😂 ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፣ ኮርተናል። እሱ እንኳ ማታ ማታ ሆቴል ገብቶ ይተኛ ነበር። እናንተ ከፍላችሁ ማደያ በር ላይ ትተኛላችሁ።

እኛ እዚህ ብሬቬ ምናምን የለንም። ከጓደኞቼ ጋር ደብረ ብርሃን ደርሰን እንመለሳለን፣ 260 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን። ማንም ካርድ አይመታልንም፣ የሚቆጥርልን ሲኖ ትራክ ብቻ ነው። አንድ ምክር ከእኔ፦ ሰውዬው የማታ ሽፍት ሠራተኛ ነው አላለም እንዴ? ሌሊት መንቃት ለምዷል ማለት ነው። የ400ው ግማሽ ችግር ተፈታለት።

ሰንሰለት

@ዳገት ወዳጅ አይደለም። ፓርኪንግ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መንቃትና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 280 ኪሎ ሜትር ነድቶ መንቃት ምን አገናኛቸው። ሽፍት ሠራተኛ ቀድሞውኑ እንቅልፍ ተበድሮ ነው የሚመጣው። ጎማ ነፊው፣ ከ400ው በፊት ያሉትን ሁለት ሌሊቶች ፈቃድ ውሰድ። ካልተፈቀደልህ አትነሳ። የምሬን ነው። ጨለማ መንገድ ላይ ዓይንህ ሲከደን መኪና አለ።

በሶ በጥብጥ (ዴንቨር)

ምግቡን ለእኔ ተዉት።

ለረጅም መንገድ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል፣ የለመደ ሆድ ከዚያም በላይ ይችላል። 100 ግራም የገብስ ዱቄት ውስጥ 70 ግራም ገደማ አለ። ስለዚህ በሶ አባቶቻችን ስንቅ ያደረጉት ዝም ብለው አይደለም፣ የተቆላ ነው፣ አይበላሽም፣ ውሃ ካለ አለቀ። ግን እኔ እንዳደረግኩት ሁሉንም በበሶ ልሙላው አትበል። ይወፍራል፣ የጠርሙሱን አፍ ይደፍናል፣ ሆድም ይነፋል። አንዱን ጠርሙስ በሶ በስኳርና በጨው በቀጭኑ በጥብጥ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ ይሁን። ቀሪውን በቴምር ሙላው። አንድ ትልቅ ቴምር 18 ግራም ገደማ አለው፣ ሦስት በሰዓት በቂ ነው ማለት ይቻላል። ኪስ ውስጥ ዳቦ ቆሎ፣ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ያባርራል፣ የሚቆረጠም ነገር አፍህ ውስጥ ካለ አትተኛም። ማደያ ውስጥ የጾም የሆነ ሙዝ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ጥቁር ቡና አታጣም። ቺፕሱን ጀርባውን አንብብ፣ ብዙው ወተት አለበት።

ጣፋጭ ሲሰለችህ ጨው ያለው ነገር ያምርሃል። ቀቅለህ ጨው የነሰነስክበት ድንች፣ ወይም እንጀራ በአልጫ ክክ ጠቅልለህ በፎይል። በርበሬ ያለው ነገር ግን እንዳትነካ! አንድ ጊዜ ባለቤቴ አሳዝኜያት የሽሮ ፍርፍር ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ጣቷ ይባረክ፣ 180 ኪሎ ሜትር ላይ በላሁት። የቀረውን 120 ቃሩ እንጂ እኔ አልነዳሁትም።

የሥራ ቀን ጾሙን በተመለከተ፣ እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ ጠንካራ ልምምድ አትሥራ። ጾሙን ፍታ፣ ትንሽ አረፍ በል፣ ከዚያ ወደ ሽፍትህ ስትሄድ ረዘም ያለውን መንገድ ይዘህ ሂድ። ጠዋት ከሥራ ስትመለስ ቀስ ብለህ። ደግሞ የንስሐ አባትህን አማክር፣ እኔ የማውቀው በሶ ነው።

የፍራንክፈርቷ

እኔ 2023 ላይ ፓሪ-ብሬስት-ፓሪን ነድቻለሁ፣ 90 ሰዓት ከሚሰጣቸው ጋር። ስለዚህ «እሄዳለሁ አልልም» የምትለውን አላምንህም፣ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ለ2023ቱ ምዝገባ ሲከፈት በ2022 ረጅም የነዱት ናቸው ቀድመው የገቡት፣ 1,000 የነዳ መጀመሪያ፣ 600 የነዳ ቀጥሎ፣ እያለ እስከ 200። አንተ ዘንድሮ 200 ብቻ ነው ያለህ። ስለዚህ አካባቢህ ኦክቶበር ላይ 300 ካገኘህ ዛሬውኑ ተመዝገብ፣ ፌብሩዋሪን አትጠብቅ። አየሩም ከማርች ይሻላል። ደግሞ ካቃተህም ከአሁኑ ታውቀዋለህ።

የ600ው ሒሳብ ቀላል ነው፣ ግን ወረቀት ላይ ጻፈው። 40 ሰዓት አለህ። መጀመሪያውን 400 በ24 ሰዓት ከደረስክ፣ አራት ሰዓት ብትተኛ ለቀሪው 200 የሚቀርህ 12 ሰዓት ነው። በዚያ ድካም ያ ጠባብ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ከተኛህ ትንፋሽ ታገኛለህ። አንተ 200ውን ትኩስ እግር ይዘህ 12 ሰዓት ከ50 ከፈጀህ ደግሞ፣ ክረምቱን የምትሠራው ፍጥነት አይደለም፣ ሰንሰለት ያለችውን የመቆሚያ ጊዜ ነው የምትቀንሰው። ከ12 ሰዓት ከ50ው ውስጥ ስንቱን ቆመህ እንደነበር ታውቃለህ?

መብራቱ ላይ አትቆጥብ። ሳይክሉ ላይ የታሰረ የፊትና የኋላ መብራት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ትርፍ መብራት። እኔ የፊት ጎማዬ ላይ ዳይናሞ አስገጠምኩ፣ ውድ ነበር፣ ግን ባትሪ አለቀ የሚል ጭንቀት ከነአካቴው ቀረ። ልጅ እያለን ጎማ ላይ ተደግፎ «ዝዝዝ» እያለ የሚያደክመን ዳይናሞ አይደለም፣ ይሄ እምብርቱ ውስጥ ነው፣ መኖሩንም አታውቅም።

ፓሪ ላይ ደግሞ... መነሻው ከተማ ራምቡዬ የገባሁ ዕለት ፍልሰታ ላይ ነበርኩ። ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ። ማታ ስንነሳ ግን ከፊቴ ዳገቱን የሚወጣው ቀይ የኋላ መብራት ማለቂያ አልነበረውም፣ ጧፍ የያዘ ሰልፍ ነው የሚመስለው።

ጎማ ነፊው

ኧረ ተባረኩ። የሆሳዕናውን ነገር ለባለቤቴ ሳነብላት ከሶፋው ልትወድቅ ነበር።

የፍራንክፈርቷ፣ ጥያቄሽ አሳፈረኝ። ስልኬ ላይ ሄጄ አየሁት። 2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ቆሜያለሁ። አንዱ ማደያ ላይ ብቻ 48 ደቂቃ! ምን ስሠራ እንደነበር ትዝ አይለኝም። ሳንድዊች አዝዤ ስጠብቅ መሰለኝ።

አዲሱ ዕቅድ፦ ኦክቶበር ላይ 300 አገኘሁ፣ ከቤቴ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ዛሬ ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ ሐሙስና ዓርብ ሌሊትን በሌላ ሰው አቀያየርኩ (ለጥምቀት የእሱን እሠራለሁ፣ ዋጋው እሱ ነው)። ፌብሩዋሪ 200፣ ማርች መጨረሻ 300 በበሶና በቴምር፣ ኤፕሪል ቀለል ያለ መንዳት ብቻ፣ ሜይ 400፣ ጁን 600። ዳይናሞው ለጊዜው አቅሜ አይደለም፣ ሁለት የሚቻርጅ መብራትና አንድ ፓወር ባንክ እይዛለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ በሶ በጥብጥ፣ ጠርሙሱ ውስጥ እየጓጎለ አስቸገረኝ። ትናንት ሞክሬው የመጨረሻውን በማንኪያ ነው የበላሁት።

በሶ በጥብጥ

መጀመሪያ ዱቄቱን በጥሩ ወንፊት ንፋው። ከዚያ ዱቄቱን ውሃ ላይ አትጨምር፣ ዱቄቱ ላይ ነው ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ የምትጨምረው። ሲቀጥን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠውና በደንብ ናጠው። ደግሞ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ግዛ፣ አለዚያ ማታ ስታጥበው ታማርራለህ።

ዳገት ወዳጅ

ለጥምቀት ሽፍት ሊሠራ ነው? ይሄ ሰውዬ የምሩን ነው እንግዲህ።