ቦይ ውስጥ የሚዋኝ ቀጭን አረንጓዴ እባብ፣ መርዛም ነው ወይስ አይደለም?

የማሾ ማሳ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ቤታችን ከመስኖ ቦዩ 20 እርምጃ አይርቅም፣ ሽንኩርቱንም ማሾውንም የምናጠጣበት ነው፣ ልጆቹም ሙቀቱ ሲብስ እዛው ነው የሚንቦጫረቁት። ትናንት ልብስ ሳጥብ አንድ አረንጓዴ እባብ ከቄጠማው ወጥቶ ውሃውን እየዋኘ ተሻገረና ማዶ እንቁራሪት ይዞ ሳር ውስጥ ገባ። አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው፣ ውፍረቱ የጣት ያህል። ባለቤቴ በስልክ አንስቶት ነበር ግን ደብዝዟል። ጎረቤቶች ቄጠማውን በሙሉ እናቃጥለው እያሉ ነው። የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም። ምን አይነት ነው? ምን ላድርግ?

የቆላው ልጅ፦
እህቴ ምን ትጠይቂያለሽ፣ ግደሉት! የእባብ ልጅ እባብ ነው። ልጅ ያለበት ቤት እንዲህ አይነት ነገር አይታለፍም።

ባዮሎጂ አስተማሪ፦
ኧረ አትግደሉት። እንደነገርሽን ከሆነ ፊሎታምነስ ከሚባሉት አረንጓዴ እባቦች አንዱ ይመስለኛል፣ ውሃ ዳር ቁጥቋጦና ቄጠማ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ጥሩ ዋናተኞች ናቸው፣ ምግባቸው በብዛት እንቁራሪት ነው፣ ርዝመታቸው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር አያልፍም፣ መርዝም የላቸውም፣ ሰው ሲያዩ ቶሎ ይሸሻሉ። ቄጠማው ቢቃጠል ደግሞ የቦዩ ዳር አፈር እርቃኑን ይቀርና ክረምት ላይ ጎርፍ ይንደዋል።

ሰላም ነሽ፦
አይኑን አይተሽዋል? ክብ ብሌን ካለው መርዝ የለውም፣ መርዛሙ እንደ ድመት ቀጥ ያለ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባዮሎጂ አስተማሪ፦
እሱን እንዳታምኑት በጣም እለምናችኋለሁ። እፉኝት ብሌኑ ቀጥ ያለ ነው ልክ ነሽ፣ ግን ኮብራም ብላክ ማምባም ብሌናቸው ክብ ነው፣ ሁለቱም ገዳይ ናቸው። በተለይ ከዚህ አረንጓዴ ጋር የሚምታታው ቡምስላንግ የሚባለው መርዛም እባብ ነው፣ እሱም አረንጓዴ ይሆናል፣ ብሌኑም ክብ ነው። ልዩነቱ ቡምስላንግ አይኑ ከጭንቅላቱ አንፃር በጣም ትልቅ ነው፣ አፍንጫው አጠር ያለ ነው፣ ቅርፊቱ ሻካራ ነው፣ ሲያድግ ከ1.5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ውሎው ደግሞ በብዛት ዛፍ ላይ ነው። ያንቺው ቀጭን መሆኑና ቦይ ውስጥ እንቁራሪት ማደኑ ወደ ፊሎታምነስ ያደላል። ግን በደበዘዘ ፎቶ 100 ፐርሰንት ነው ብዬ አልምልም፣ ስለዚህ ማንም በእጁ አይንካው፣ ለማየትም ተብሎ ዱላ አይወረወርበት።

የጤና ባለሙያ፦
መምህር የተናገሩት ላይ ልጨምር። የቡምስላንግ ንክሻ መጀመሪያ ላይ ምንም ያልሆነ ይመስላል፣ ደም መፍሰሱ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በኋላ። ስለዚህ ምን አይነት እንደሆነ ያልታወቀ እባብ ልጅ ከነከሰ ደህና ነች ብላችሁ ቤት አታሳድሯት፣ ተሸክማችሁ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፣ የተነከሰው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ አምባርና ቀለበት ካለ ሳያብጥ አውልቁ። በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ ይጎዷታል እንጂ አይረዷትም። እባቡን ለመግደል ብላችሁም ሰዓት አታጥፉ፣ ሁለተኛ ሰው ይነከሳል።

የቆላው ልጅ፦
እሺ መምህር፣ ተቀብያለሁ። ግን ልጆቹስ ዋናቸውን ይተዉ?

ባዮሎጂ አስተማሪ፦
አይተዉ። ልጆቹ የሚገቡበትን ቦታ ብቻ ግራና ቀኙን ሦስት ሦስት እርምጃ ያህል በማጭድ አጭዱት፣ ከላይ እስከታች እንዲታይ፣ የቀረውን ቄጠማ ተዉት። የድንጋይና የእንጨት ክምር ካለ ከቤት አርቁት፣ አይጥ የሚሸሸግበት እሱ ነው፣ አይጥ ካለ ደግሞ እባብ ይከተላል። ሌሊት ስትወጡ ባትሪ ያዙ ጫማም አድርጉ፣ ቆላ ላይ እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ አረንጓዴው ሳይሆን እፉኝቱ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሰው ሲመጣ አይሸሽም፣ መንገድ ላይ ዝም ብሎ ይተኛና ሲረገጥ ይነክሳል።

የማሾ ማሳ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የጻፋችሁትን ለጎረቤቶቼ አነበብኩላቸውና እሳቱን ትተውታል። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴና የጎረቤት ልጅ ልጆቹ የሚገቡበትን አጭደው ጨርሰዋል፣ የግንባታ ድንጋዩንም ነገ እናነሳዋለን። ልጄንም አረንጓዴም ሆነ ሌላ እባብ ካየሽ ሳትነኪው ቆመሽ ጥሪኝ ብያታለሁ፣ አሁን እየተለማመደችው ነው፣ ገመድ ባየች ቁጥር "እማዬ ነይ" ትለኛለች።