የፓምፑን ፍጥነት ስቀንስ ውሃው ጠፋ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም አለማለሁ። ፓምፔን የሚያዞረው ባለ 11 ኪሎዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው። ሙሉ ማሳውን ሳጠጣ ሰላም ነው። ግማሹን ብቻ ሳጠጣ ግን ቫልቩን አጠብበዋለሁ። ውሃው በግማሽ ይቀንሳል፤ አምፒሩ ከ21 ወደ 16 ብቻ።

አንድ ኤሌክትሪሺያን «ቪኤፍዲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) ግጠምበት፣ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚበላው ኃይል በግማሽ ይወርዳል» አለኝ። ተውሼ ሞከርኩት። ፍጥነቱን ከሙሉው 50 ኸርዝ ወደ 35 ሳወርደው ሞተሩ ይዞራል፣ ውሃ ግን ጠብታ የለም! በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ፓምፑ በ50 ኸርዝ ቢበዛ 28 ሜትር ይገፋል። የሚገፋበት ከፍታ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚወርድ፣ በ35 ግማሹን፣ 14 ሜትር ገደማ። ታንከሬ ደግሞ ከጉድጓዱ ውሃ 15 ሜትር ከፍ ይላል። ለካ ለዚህ ነው።

42 ላይ ሳደርገው ውሃ መጣ። ግን ከፍታው ቋሚ ስለሆነ ያ «በግማሽ» የተባለው ቁጠባ ለእኔ አይሠራም መሰለኝ። ቪኤፍዲው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፦ ገዝቼ 42 ላይ ልቀጥል ወይስ ለግማሹ ማሳ ትንሽ ፓምፕ ልጨምር? የሞተሩ ማራገቢያም አብሮ ስለሚዘገይ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ይግላል? የተዋስኩትን ቅዳሜ መመለስ አለብኝ።