ከካቴና ወደ ቺንጋ፦ የድሮዋን ኦፕቲማ እንዴት ልቀይራት?

ጥያቄ፣ ከኦፕቲማ ወዳጅ፦
ሰላም ጓዶች። የጃፓኑ የሞዴል መኪና አምራች ኪዮሾ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣት የመጀመሪያዋ ኦፕቲማ አለችኝ። የአንድ አሥረኛ መጠን ያላት ባለሪሞት መኪና ናት፤ አራቱም ጎማዋ ይነዳል። ኃይሉን ከኋላ ወደ ፊት የሚወስደው ቀጭን የብረት ካቴና ነው። ያስቸገረኝም እሱ ነው። ላልቷል። ስነዳት ይንኳኳል፤ ዘላ ስታርፍ ደግሞ የታችኛውን ሽፋን ይመታል። ፍሬን ጠበቅ አድርጌ ስይዝ ከፊተኛው ጥርስ ላይ ያመልጣል።

ጥርስ ባለው ቺንጋ ልተካው አስቤያለሁ። ሦስት ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። የትኛውን ዓይነት ልግዛ? ርዝመቱን እንዴት ነው የማውቀው? ዋናውን ዕቃ ሳልቆርጥና ሳልበሳስ ይቻላል ወይ? ሞተሯ 540 የሚባለው የድሮው ባለካርቦን የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ውድድር አልገባም፤ ደረቅ አፈር ላይ ነው የምነዳት።

ጥርስ ቆጣሪ፦
እንኳን ሳትገዛ ጠየቅክ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ቺንጋ ይገዛና ከዚያ ለቺንጋው ቦታ ሲፈልግ ይውላል። መጀመሪያ መለካት ነው።

ጥርስ ቁጠር። ካቴናው የሚዞርበት የኋላው ጥርስ ስንት ነው? የፊተኛውስ? እኩል ከሆኑ አዲሶቹ ፑሌጃዎችም (ቺንጋው የሚዞርባቸው ባለጥርስ መዘውሮች) እኩል ይሁኑ። ከተለያዩ ያንኑ ምጥጥን ጠብቅ። ይህ ከተዛባ የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ፍጥነት ይዞራል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ቺንጋውንም ጎማውንም ይጨርሳል፤ ሞተሩም በከንቱ ይግላል።

ቀጥለህ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን ርቀት ለካ፤ ከመሃል እስከ መሃል። መሃሉን በዓይን አትገምት። ከአንዱ ዘንግ የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው የውጭ ጠርዝ ለካና የሁለቱን ዘንጎች ግማሽ ግማሽ ውፍረት ቀንስ።

ፑሌጃዎቹ እኩል ሲሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው። የርቀቱን እጥፍ ትይዛለህ። በእሱ ላይ የአንዱን ፑሌጃ የጥርስ ብዛት ከጥርስ እስከ ጥርስ ባለው ርቀት አባዝተህ ትደምራለህ። ለምሳሌ የዘንጎቹ ርቀት 230 ሚሊሜትር፣ ፑሌጃዎቹ ባለ18 ጥርስ፣ ቺንጋው ደግሞ በየ3 ሚሊሜትሩ ጥርስ ያለው ነው እንበል። 460 ሲደመር 54፣ 514 ሚሊሜትር ይመጣል። ለ3 ስታካፍለው 171.3 ጥርስ ነው። ሽራፊ ጥርስ ያለው ቺንጋ ደግሞ የለም። ባለ171 ብትወስድ 513 ሚሊሜትር ነው፤ ዘንጎቹ በግማሽ ሚሊሜትር ካልተቀራረቡ ከልክ በላይ ይወጠራል። ባለ172 ብትወስድ 516 ነው፤ 2 ሚሊሜትር ይተርፋል። እኔ ረጅሙን እወስዳለሁ። የተረፈውን ማወጠሪያ ሮለር ይሰበስበዋል። አጭሩን በግድ ካስገባኸው ግን ዋጋውን ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው የሚከፍለው።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትፈልገው ርዝመት ገበያ ላይ ከሌለ ሁለቱንም ፑሌጃ በአንድ አንድ ጥርስ አሳድግ። ምጥጥኑ አይነካም፤ የሚያስፈልግህ ቺንጋ ግን በአንድ ጥርስ ይረዝማል። ቦታ እስካለ ድረስ ትልቅ ፑሌጃ ሁልጊዜ ይመረጣል። ቺንጋው በብዙ ጥርስ ይይዛል፣ የሚጎትተው ኃይልም ይቀንስለታል። ቢያንስ ስድስት ጥርስ በአንድ ጊዜ ፑሌጃው ላይ መቀመጥ አለበት።

የቆየው ይሻላል፦
እኔ በካቴናው ላይ ቶሎ አልፈርድም። የዘረዘርከው ሁሉ ያረጀ ካቴና ምልክት ነው እንጂ የካቴና ጥፋት አይደለም። አዲስ ካቴና አስገባበት፣ የሁለቱንም ጥርሶች ጫፍ እይ። ጫፋቸው እንደ መንጠቆ ከታጠፈ አብረህ ቀይራቸው። አለበለዚያ አዲሱንም ካቴና ያበላሹታል።

ካቴና ሲረዝም አንድ ማያያዣ አውጥተህ ታሳጥረዋለህ። ቺንጋ እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥህም። ጠጠር ሲገባም ካቴና ብዙ ጊዜ ሰባብሮ ያሳልፈዋል። ደግሞ ካቴና ደካማ ነው የሚል ካለ፣ በ1985 በተካሄደው የመጀመሪያው የአንድ አሥረኛ ኦፍ ሮድ የዓለም ሻምፒዮና በአራት ጎማ ነጂ ምድብ ያሸነፈችው የዮኮሞ ዶግ ፋይተር ባለካቴና ነበረች።

ጥርስ ቆጣሪ፦
ያልከው ትክክል ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን በ1987 ማሳሚ ሂሮሳካ ያንኑ ምድብ ያሸነፈው በሹማከር ካት ነው፤ እሷ ባለቺንጋ ናት። ኪዮሾም ራሱ በዚያው ዓመት ኦፕቲማ ሚድ የተባለችውን ሞዴል በቺንጋ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያዋን ኦፕቲማ እንደገና ሲያመርትም ካቴናውን ጠብቆ፣ ቺንጋውን ለፈለገ ለብቻው አቀረበ። ስለዚህ ቺንጋ ለዚህች መኪና ባዳ አይደለም። ወዳጃችን የሚፈልገው ጸጥታና ቅልጥፍና ከሆነ ልፋቱ ያዋጣል።

ኩሽኔታ፦
የርዝመቱ ነገር ተመልሷል። እኔ የማሳስብህ መስመር ስለመያዝ ነው። ይህን ሥራ የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

ካቴና ትንሽ መንሻፈፍን ይችላል። ቺንጋ አይችልም። ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር ካልቆሙ ቺንጋው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ጠርዙ ከፑሌጃው ከንፈር ጋር ይፋተጋል፤ መጀመሪያ ጥቁር ዱቄት ታያለህ፣ ከዚያ ከጠርዙ ክር ይመዘዛል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በሁለቱ ፑሌጃዎች ጎን ላይ አስተኛ። እያንዳንዱን ፑሌጃ ሁለት ቦታ መንካት አለበት፤ በጠቅላላው አራት ነጥብ። ሦስቱን ብቻ ከነካ አንዱ ዘንግ ጠሟል ማለት ነው። በአንዱ በኩል ክፍተት ካየህ በቀጭን ሮንዴላ አስተካክለው። ቢያንስ አንዱ ፑሌጃ በሁለቱም በኩል ከንፈር ይኑረው፤ ቺንጋው እንዳይወጣ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ዘንጎቹ የተቀመጡት በብሮንዚና ወይም በፕላስቲክ ቡሽ ከሆነ ቺንጋ ከመግባቱ በፊት በኩሽኔታ ቀይራቸው። ቺንጋ ተወጥሮ ስለሚቀመጥ መኪናዋ ቆማ እንኳ ዘንጉን ወደ ጎን ይስበዋል። ያረጀ ቡሽ ውስጥ ያለ ዘንግ ሲሳብ ይጠማል። በማስመሪያ ያስተካከልከው መስመር ያኔ ገደል ይገባል። ዘንጉን በጣትህ ይዘህ ወዲያና ወዲህ ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ ሌላውን ሥራ ሁሉ ተውና መጀመሪያ ይህን ጨርስ።

የኦፕቲማ ወዳጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ፈታሁት። ጥርሶቹ መንጠቆ ሆነዋል፤ የፊቱ ዘንግም በእጅ ይነቃነቃል። ኩሽኔታ አስገባበታለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ከአሮጌ ማተሚያ ያወጣሁት ቺንጋ አለኝ፤ የጥርሱ ርቀት 2 ሚሊሜትር ነው። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ኤምኤክስኤል የሚባሉ ፑሌጃዎች ሊሰጠኝ ነው። በእጄ ሳስቀምጠው ልክ ቁጭ ይላል። ይሆናል?

ጥርስ ቆጣሪ፦
አይሆንም ወንድሜ፣ ተወው። በእጅ ቁጭ ማለቱ ነው ሰውን የሚያታልለው። የኤምኤክስኤል የጥርስ ርቀት 2.032 ሚሊሜትር ነው፤ የአንተ ቺንጋ ደግሞ 2.000። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። አሥር ጥርስ ፑሌጃው ላይ ሲቀመጥ ግን ሲሶ ሚሊሜትር ያህል ይከማቻል። ጫናውን ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይሸከማል፤ ሌሎቹ ቦታቸው ላይ ሳይቀመጡ ይፋተጋሉ። ቺንጋና ፑሌጃ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ የጥርሱ ቅርፅም ጭምር፣ ክብ ከክብ፣ ባለማዕዘን ከባለማዕዘን።

ሌላም አለ። የማተሚያ ቺንጋ ብዙ ጊዜ ጫፉ ክፍት ነው። ቆርጠህ በሙጫ ብታያይዘው አይዝም። ጉልበቱ ያለው በውስጡ በሚያልፈው ክር እንጂ በጎማው አይደለም፤ ክሩን ከቆረጥከው የቀረህ ጎማ ብቻ ነው። ተዘግቶ የተሠራ ቺንጋ ፈልግ። ለ540 ሞተርና ለአፈር መንጃ ባለ3 ሚሊሜትር ጥርስ፣ ወርዱ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነ ይበቃሃል።

የሚያትመው፦
ፑሌጃዎቹን በስሪዲ ፕሪንተር ማውጣት ትችላለህ፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። የዘንጎችህን ቅርፅ ስለምታውቅ ከድሮው ጥርስ ቦታ ላይ ልክ የሚገባ ትሠራለህ። ዋናው ዕቃ ላይ አንድ ቀዳዳ እንኳ አትበሳም። ወደ ካቴና ልመለስ ስትል ካቴናው ቦታው ላይ ይገባል። ለቆየች መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ሻንሲዎች አንዴ ከተበሱ ወደነበሩበት አይመለሱም። ስለዚህ ትራፓኖህን አስቀምጠው።

ፒኤልኤ የሚባለውን የማተሚያ ፕላስቲክ አትጠቀም። 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ የሞተሩ ጎን ደግሞ ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። ናይለን ጥሩ ነው። ፑሌጃውን በጠፍጣፋ ጎኑ አስተኝተህ አትም። አቁመህ ካተምከው ንብርብሮቹ በጥርሱ ሥር ይላቀቃሉ። ሲወጣ ጥርሶቹ መካከል የቀረውን ጭረት በትንሽ ሞረድ አጽዳ። የተረሳች አንዲት ቅርፊት ቺንጋውን ሙሉ ቀን ትቆርጠዋለች።

ስትገጥመው ቺንጋውን አጥፈህ አትጫን። ክሩ ብርጭቆ ከሆነ ሹል አድርገህ አንዴ ያጠፍክበት ቦታ ከውስጥ ይሰበራል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። በሌላ ቀን ሳታስበው እዚያው ላይ ይበጠሳል።

የቆየው ይሻላል፦
በቺንጋ ከወሰንክ የታችኛውን ሽፋን አትርሳ። የአፈር ጠላትነት ለካቴና ሳይሆን ለቺንጋ ነው። አንዲት ጠጠር በቺንጋውና በፑሌጃው መካከል ከገባች ወይ ጥርስ ታዘልላለች፣ ወይ ክሩን ትቆርጣለች። የሽፋኑን ስንጥቅ ሁሉ በቴፕ ዝጋ። ቺንጋው በሚያልፍበት መስመር ላይ ከቀጭን ፕላስቲክ ክዳን ሥራለት። ግሪስና ዘይትም አታስነካው፤ አቧራውን ይዞ ሞረድ ይሆንበታል። ድሮ ካቴናውን ዘይት ትቀባበት የነበረውን ቦታ ሁሉ ጠርገህ አጽዳ።

የኦፕቲማ ወዳጅ፦
ገባኝ። ኩሽኔታ፣ ከናይለን የታተመ ፑሌጃ፣ ባለ3 ሚሊሜትር ጥርስ የተዘጋ ቺንጋ፣ ክዳን። መጨረሻ የምጠይቀው ውጥረቱን ነው። ምን ያህል ላጥብቀው?

ኩሽኔታ፦
ሰው ሁሉ የሚያበዛው ማጥበቁን ነው። የጊታር ክር አታድርገው። ረጅሙ ክፍል መሃል ላይ በጣትህ ቀስ ብለህ ስትጫነው ጥቂት ሚሊሜትር ይግባ። ማወጠሪያ ሮለሩን ከውጭ፣ ከቺንጋው ለስላሳ ጀርባ በኩል አድርገው። ትልቅ ሮለር ምረጥ፤ ትንሹ ቺንጋውን ወደ ኋላ ስለሚያጥፈው ያደክመዋል። ወደፊት ስትነዳ ፈታ የሚለው ክፍል ላይ ይሁን እንጂ የሚጎትተው ላይ አይሁን።

ከዚያ ፈትነው። መኪናዋን አንሳ። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ሰው ይያዝልህ። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ወደፊትም ወደኋላም አጥብቀህ አዙር። ሁለቱንም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱን ብቻ ካዞርክ ዲፈረንሻሉ ሌላውን ወደኋላ ያዞረዋል፤ ቺንጋው ላይ የሚደርስ ነገር አይኖርም። ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማህ ጥርስ ዘሏል፤ ማወጠሪያውን ትንሽ አጥብቅ። ምንም ካልተሰማ ጨርሰሃል። ቺንጋውን አውልቀህ ዘንጎቹን በጣትህ ስታዞር የነበረውን ቅልጥፍና አስታውስ። ቺንጋው ከገባ በኋላ በጣም ከከበደህ አላላው።

አንድ ባትሪ በዝግታ ንዳትና ክዳኑን ክፈት። በፑሌጃው አንድ ጎን ጥቁር ዱቄት ካለ ወደ ማስመሪያው ተመለስ። ንጹሕ ከሆነ ዝጋው፣ ሁለተኛውን ባትሪ ሙሉ ጋዝ ስጣት።