ለጋራ ግዢ የቀረበ ሐሳብ፦ የሊዮናርዶ ማስታወሻ ደብተር

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተነሳውን ሐሳብ ጽፌ አምጥቻለሁ፤ እንደፈለጋችሁ ቁረጡት፣ ቀጥሉት። ማኅበራችን የ10ኛ ዓመቱን በዓል ምክንያት አድርጎ ለንባብ ክፍላችን አንድ ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ይግዛ ነው የምለው። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ማስታወሻ ደብተር አምሳያ ቅጂ። ፋክሲሚሌ የሚባለው ማለቴ ነው፤ የገጹ መጠን፣ የቀለሙ ፍካት፣ የነጠብጣቡ እድፍ ሳይቀር ዋናውን መስሎ የታተመ። 40 አባላት 50 ዶላር ብናወጣ 2,000 ዶላር ይሞላል። የእኔ ምርጫ ኮዴክስ አትላንቲከስ ነው፤ ኮዴክስ ማለት በእጅ የተጻፈ ጥራዝ ነው። ሚላን አምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው፣ 1,119 ቅጠል ያለው። ከገዛን አይቀር ትልቁን!

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ፣ 50 ዶላሩን ለጊዜው ተወው። አምና ለቡና 10 ዶላር ለመሰብሰብ ሦስት ወር ነው የፈጀብኝ። ደግሞ ጠይቄያለሁ፤ የአትላንቲከስ ትልቁ እትም፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ጣሊያን ውስጥ በብዙ ጥራዝ የወጣው፣ በእኛ ኪስ የሚሞከር አይደለም። ቢገኝስ የት እናስቀምጠዋለን? መደርደሪያችን ላይ መዝገበ ቃላቱ ራሱ በአግድም ተኝቶ ነው ያለው።

ሚላን ያለችው፦
ከሩቅ ሆኜ ጣልቃ ልግባ። ዋናውን አምብሮዚያና ሄጄ አይቼዋለሁ። ቅጠሎቹን በየተራ እያፈራረቁ ነው የሚያሳዩት፤ በመስታወት ሥር፣ በደብዛዛ መብራት። ስሙ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር አይገናኝም። ከትልቅነቱ የመጣ ነው፤ አትላስ የሚታተምበትን ዓይነት ወረቀት ያክላል፣ 65 በ44 ሴንቲሜትር ገደማ። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ሊዮናርዶ ይህን መጽሐፍ አልሠራውም። ከሞተ በኋላ ወረቀቶቹ እጁ የገቡት ፖምፔዮ ሌዮኒ የሚባል ቀራፂ ነው ሰብስቦ በትልልቅ ገጾች ላይ የለጠፋቸው። አንዳንዱን ሥዕል በመቀስ ቆርጦ ነው ያወጣው።

ጠራዡ፦
በመቀስ? ልጄ፣ በመቀስ ነው ያልሽው?

ሚላን ያለችው፦
አዎ ጋሼ። ከአንዱ ገጽ ፊትና አካል ቆርጦ ወደ ሌላ ስብስብ ወስዷል። ዛሬ ዊንዘር፣ በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ያሉት አንዳንድ ሥዕሎች ወጥተው የሄዱበት ቀዳዳ ሚላን ባለው ቅጠል ላይ እስካሁን ይታያል።

ጠራዡ፦
እንግዲያው እኔ ይህንን አልደግፍም። አባቴ መጽሐፍ ይደጉስ ነበር። አንድ ቅጠል ከጥራዙ ሲላቀቅ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚሰፋው። እኔም እዚህ አገር 30 ዓመት ጠርዣለሁ። ከገዛን ሰውዬው ራሱ እንደ ደብተር የያዘውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የገለጠውን እንግዛ።

ወጣቱ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ እኮ። የለንደኑ ኮዴክስ አረንደል የብሪቲሽ ላይብረሪ ነው፤ ማድሪድ ያሉት የሊዮናርዶ ደብተሮችም በጥራት ተቃኝተዋል። ስልኬ ላይ እያሰፋሁ ነው የማየው። 2,000 ዶላር ወረቀት ላይ ማውጣት ትንሽ አይከብድም?

መምህሯ፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔም ከአንተ ጋር ነበርኩ፤ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያሉት ፎርስተር የሚባሉት ደብተሮች ጋ እስክደርስ። ከሦስቱ ትንሹ 9 በ6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ኪስ ውስጥ ይያዛል። አትላንቲከስ ደግሞ ጠረጴዛ ይሞላል። ስልክህ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው! ሰውዬው ቆሞ የጻፈውንና ተቀምጦ የሣለውን ስክሪን አይለይልህም። ሌላው የልጆቹ ነገር ነው። ሊዮናርዶ ግራኝ ነበር፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ገልብጦ ነው የሚጽፈው። መስታወት ሲያስጠጉበት ይነበባል። ቅዳሜ የሚመጡትን ልጆች አስቧቸው።

ወጣቱ፦
መስታወቱ አሸነፈኝ። ድምፄን ለውጫለሁ።

መካኒኩ፦
እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ማድሪድ አንድ። ባለፈው ክረምት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ የ1974ቱን እትም አይቼዋለሁ። ገጹ በሙሉ ማርሽ፣ ሰንሰለት፣ የሰዓት ሞተር ነው። አንድ ቦታ ላይ ቪቴ የሚያዞረው ማርሽ ሥሏል። ተራው ቪቴ የሚይዘው አንድ ጥርስ ብቻ ነው፤ ያ ጥርስ ከተሰበረ ጭነቱ ይወድቃል ይላል። እሱ ቪቴውን ወገቡ ላይ አቅጥኖ በማርሹ ቅርጽ አጎበጠው፤ ብዙ ጥርስ በአንድ ጊዜ እንዲይዝ። እኔ ካምቢዮ ስፈታ ስንት ጊዜ ነው የተሰበረ ጥርስ የለቀምኩት! ከዚያ የጣሊያንኛውን ግልባጭ አየሁ። ቪቴ ይላል። ሞላ ይላል። ጣሊያንኛ አላነብም፤ እነዚህን ግን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ በ14 ዓመቴ ተምሬያቸዋለሁ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሠራተኛዋ ዞር ብላ አየችኝ።

ጸሐፊው፦
ይሄ ለእኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ማድሪድን ማን በደንብ ያውቃል?

መምህሯ፦
ሁለት ናቸው፤ ማድሪድ አንድና ማድሪድ ሁለት። ስፔን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው ያሉት። ታሪካቸው ደግሞ ለእኛ ቤተ መጻሕፍት ትምህርት ይሆናል። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከመደርደሪያው ጋር አልገጠመም፤ መጻሕፍቱ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ጠፍተዋል ተባለ። የተገኙት በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ለዓለም የተነገረው በ1967 ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
የእኛን መዝገብ ማን እንደሚጽፈው ላስታውስ?

ጸሐፊው፦
ገብቶኛል፣ ገብቶኛል።

መምህሯ፦
ማድሪድ ሁለት ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ለሚላን መስፍን ሊያቆመው የነበረው የነሐስ ፈረስ ነው። 17 ሜይ 1491 ብሎ ጀምሮ እንዴት እንደሚቀልጥ፣ እንዴት እንደሚፈስ ይጽፋል። የፈረሱ ራስ ቅርጽ ማውጫ በቀይ ጠመኔ ተሥሏል፤ ብረቶቹ ዙሪያውን ይዘውታል። ፈረሱ ነሐስ ሳይሆን ቀረ። የጭቃውን ሞዴል በ1499 ሚላንን የያዙት የፈረንሳይ ወታደሮች ቀስት እየወረወሩ አፈራረሱት ይባላል።

ሁለተኛው መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ዓርብ፣ 6 ጁን 1505። ፍሎረንስ፣ የመንግሥት አዳራሽ ውስጥ የአንጊያሪን ጦርነት ሥዕል መቀባት ሊጀምር ነው። በ13ኛው ሰዓት ብሩሹን ሲያነሳ አየሩ ተበላሸ፣ ደወል ተደወለ። ንድፉ ተቀደደ። ውሃ የሚመጣበት ዕቃ ተሰበረ፣ ውሃው ፈሰሰ። እስከ ማታ ዘነበ። አለቀ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ወጣቱ፦
13ኛው ሰዓት ስንት ነው? ከቀኑ 7 ሰዓት?

መምህሯ፦
ጣሊያኖች ያኔ ሰዓት የሚቆጥሩት ጀምበር ከጠለቀች ጀምሮ ነው። ስለዚህ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለፈረንጅ ማስረዳት ያስቸግራል፣ ለእናንተ ግን አንድ አፍታ ነው።

አንድ አባል፦
ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ነገር ዋጋው ይጨምራል? ከዓመታት በኋላ ሸጠን እናተርፋለን? ቢል ጌትስ አንዱን ገዝቶ የለ።

ገንዘብ ያዥ፦
እሱ የገዛው ዋናውን ነው። ኮዴክስ ሌስተር፣ በ1994፣ 30.8 ሚሊዮን ዶላር። 18 ቅጠል ከሁለት ታጥፎ 72 ገጽ። አምሳያ ቅጂ ሌላ ነገር ነው። የማድሪዱ እትም በብዛት ታትሟል፤ እንግሊዝኛውም ስፓኒሹም አለ። ቁጥር ተሰጥቶት በጥቂቱ የወጣው ውድ ነው፤ የቁጥሩ ብዛትና የምስክር ወረቀቱ ዋጋውን ይወስነዋል። እኛ ለትርፍ ከሆነ የምንገዛው እኔ ከወዲሁ ቁልፉን ላስረክብ። ዕቁብ መግባት ይሻላል።

ጸሐፊው፦
አይዞሽ፣ ማንም ቁልፍ አይቀበልሽም። የማድሪዱ ዋጋ ስንት ነው?

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጠይቄ ሁለቱም ከ1,000 በታች ነገሩኝ። አንዱ ግን በጣም ርካሽ ነው፤ ሁለቱን ጥራዝ ብቻ ነው የሚሸጠው።

ጠራዡ፦
እሱን ተዪው! ሙሉው አምስት ጥራዝ ነው። ሁለቱ የዋናው አምሳያ፣ አንዱ ማብራሪያ፣ ሁለቱ ግልባጩና ትርጉሙ። ንባቡን ገዝታችሁ አንድምታውን ልትተዉ ነው? ያለ ግልባጭ የተገለበጠ ጽሑፍ ላይ አፍጥጣችሁ ትቀራላችሁ።

ጸሐፊው፦
ጋሼ ልክ ናቸው፤ እኔም አንዴ ተበልቻለሁ። ከአንድ ሻጭ «ሙሉ» የተባለ ስብስብ ገዝቼ የማብራሪያው ጥራዝ ጎድሎ መጣ። ስደውል «ፎቶው ላይ አልነበረም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልነበረም። እኔ ነኝ ያልቆጠርኩት።

ጠራዡ፦
ስለዚህ የአምስቱን ጀርባ በአንድ ፎቶ ይላኩ። የመሐሉን መስፊያና የታችኛውን ጠርዝም። እርጥበት የነካው ወረቀት ጫፉ ላይ ይገነፍላል፣ ብል የበላው ደግሞ ቀዳዳው ከገጽ ገጽ ይቀጥላል። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት ቢሆን ግድ የለም፤ እኛ ለማንበብ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ሆን ብሎ በሻይ ቀለም ያስረጁትን፣ ዳሩን በእሳት የለበለቡትን ዓይነት ጌጥ አታምጡብኝ።

ጸሐፊው፦
እንግዲህ ረቂቁን እንደገና ጽፌዋለሁ፦ «ማኅበሩ የ1974ቱን የማድሪድ ኮዴክሶች እትም፣ አምስቱም ጥራዝ የተሟላ መሆኑ በፎቶ ከተረጋገጠ በኋላ፣ መላኪያውን ጨምሮ ከ1,000 ዶላር ባልበለጠ ይገዛል። እያንዳንዱ አባል 25 ዶላር ያዋጣል፤ የማይችል አይጠየቅም። መጽሐፉ ቤት አይወሰድም። ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት አዋቂ አብሯቸው እያለ ይገልጣሉ።» አትላንቲከስን ትቻለሁ፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ ያልፋል።

መካኒኩ፦
መደርደሪያውን እኔ አበጃለሁ። ጥራዞቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ልኩን ስጡኝ።

ወጣቱ፦
ነጭ ጓንት እንግዛ?

ጠራዡ፦
ጓንት ጣት ያደነዝዛል፣ ወረቀት ይቀድዳል። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ ይበቃል። ቡናው ግን ከዚያ ጠረጴዛ ይራቅ።

ገንዘብ ያዥ፦
ቡናውን ማራቅ ከገንዘቡ በላይ ይከብዳል፤ እሱን ጋሼ ራስዎ ይንገሩልኝ። መስታወትስ? በጀቱ ውስጥ የለም።

መምህሯ፦
የእኔ ትንሿ አለች፣ መኪና ውስጥ ያለችው። አንድ ጥግዋ ተሰንጥቋል እንጂ ታሳያለች።