አድራሻ ሲቀየር ለፍርድ ቤቱም ማሳወቅ ያስፈልጋል? (አሜሪካ፣ የጥገኝነት ኬዝ)

የዳላሱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጥገኝነት ጠይቆ ኬዙ ዳላስ ፍርድ ቤት ያለ ዘመዳችን ሜሪላንድ ገብቷል። ኤአር-11 (የአድራሻ ለውጥ ቅጽ) በኦንላይን ሞልቶ ለዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ለሚያየው መሥሪያ ቤት) ልኳል፣ ፖስታ ቤትም አስመዝግቧል። ይበቃዋል? ኬዙስ አብሮት ይመጣል?

ሰናይት፦ አይበቃውም ወንድሜ። ዩኤስሲአይኤስ በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ነው፤ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ደግሞ በፍትሕ መሥሪያ ቤት ሥር። አንዱ ጋ የተሞላው ሌላው ጋ አይደርስም። ለፍርድ ቤቱ ኢኦአይአር-33 የሚባለውን ቅጽ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ያስገባ (ለኤአር-11 ያለው ጊዜ 10 ቀን ነው)። በወረቀት ከሆነ አንድ ኮፒ ለአይስ (ሰው የሚያስረውና የሚያባርረው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) የሕግ ክፍል ይላካል። አይስ ጋ እየቀረበ የሚፈርም ከሆነ እዚያም ለብቻው ይንገር። ይህን አደራ የምለው ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው፦ ቀጠሮው በድሮው አድራሻ ይላካል፣ ሰውየው ይቀራል፣ ዳኛው በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ይሰጣል። አድራሻውን ሳያሳውቅ ቀርቶ «ወረቀቱ አልደረሰኝም» ቢል ሕጉ አይሰማውም።

በላይ፦ ኬዙ ራሱ አይመጣም። ኢኦአይአር-33 አድራሻን እንጂ ፍርድ ቤትን አይቀይርም። የፍርድ ቤት ዝውውር ማመልከቻ ለብቻው ለዳላሱ ዳኛ ይገባል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀንና ሰዓት፣ መንግሥት እንዲባረር ላቀረበበት ክስ የተሰጠ መልስ፣ የሚጠይቀው መፍትሔ (ለምሳሌ ጥገኝነት)፣ አዲሱ አድራሻ፣ የተዛወረበት ምክንያትና ማስረጃው (የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል) አብረው ይያያዛሉ። ዳኛው እስኪፈቅድ ድረስ ቀጠሮው ዳላስ ነው። ማመልከቻ ስላስገባ ብቻ የቀረ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል። አንድ ሌላ ነገር፦ ዝውውሩ ቀጠሮውን ካራዘመው መዘግየቱ በአመልካቹ ይቆጠራል፤ ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) ለማግኘት የሚጠበቀው የ180 ቀን ቆጠራም ይቆማል።

የዳላሱ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቀጠሮ አልፎት እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ሰናይት፦ ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች የስልክ መስመር 1-800-898-7180 ይደውል፣ ባለ 9 አሃዙን ኤ ነምበር (በኢሚግሬሽን ወረቀቱ ላይ ያለውን የፋይል ቁጥር) ያስገባ፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮና ትእዛዝ ካለም ይነግረዋል። ትእዛዝ ተሰጥቶ ከሆነ ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ይሂድ። እንደ ከባድ ሕመም ባለ ምክንያት የቀረ ሰው መዝገቡ እንዲከፈትለት የሚጠይቀው በ180 ቀን ውስጥ ነው። ይህ ማመልከቻ ከገባ ዳኛው እስኪወስን ማባረሩ ይታገዳል።

በላይ፦ መደወሉን በየሳምንቱ ያድርገው፤ ቀጠሮ ከተያዘለት ቀን ቀደም ተደርጎ የሚቀየርበት ጊዜም አለ።