ቅንፍ የረሳሁት መስመር 4 ላይ፣ ስህተቱ የሚታየው መስመር 5 ላይ

ጠያቂ፦ ለራሴ ትንሽ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየሠራሁ ነው። ፓርሰሩ (ኮዱን አንብቦ አወቃቀሩን የሚለየው ክፍል) ይሠራል፣ የስህተት መልእክቱ ግን ያሳፍራል። መስመር 4 ላይ ቅንፍ ሳልዘጋ ስቀር መስመር 5 ላይ «ያልተጠበቀ ምልክት» ይለኛል፣ እዚያ ደግሞ ምንም ጥፋት የለም። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ ፓርሰሩ እኮ አልዋሸም፣ ግራ የገባው እዚያ ነው። ቅንፍ በተከፈተ ቁጥር ቦታውን ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ዝርዝር) ላይ አስቀምጥ፣ ሲዘጋ አውጣው። ስህተት ሲመጣ ስታኩ ባዶ ካልሆነ መጨረሻ የገባውን ጠቁም። ፓይተን የሚባለው ቋንቋም እንዳንተው ነበር፤ ያልተዘጋውን ቅንፍ ራሱን ማሳየት የጀመረው በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.10 እትሙ ነው።

መልስ 2፦ የኮዱን መስመርም አብረህ አትመው፣ ጥፋቱ ያለበትን ከሥሩ ምልክት አድርግበት፣ ልክ ረስት የሚባለው ቋንቋ እንደሚያደርገው። ደግሞ መልእክቱ ላይ «ቶክን» (ፓርሰሩ የሚያነበው ትንሹ የኮድ ቁራጭ) ምናምን አትበል፣ ያ ያንተ የውስጥ ጉዳይ ነው።

ጠያቂ፦ ስታኩ ሠራ! አሁን የቀረኝ የአማርኛ ኪቦርድ ሳልቀይር በ : ፈንታ ፡ ስጽፍ የሚመጣው ስህተት ነው።

መልስ 1፦ ሃሃ፣ እሱ ያላቃጠለው ማን አለ! በዓይን ከ : ጋር አይለይም። ሌክሰሩ (ኮዱን ወደ ቶክኖች የሚቆርጠው ክፍል) ላይ ለብቻው ያዘውና «ይህ የአማርኛ ሁለት ነጥብ ነው፣ የእንግሊዝኛውን ተጠቀም» በለው።