የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ «ሳንሱር ይቁም» ብቻ ይበቃል?

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የተነጋገርንበትን ረቂቅ ይኸው። አስተያየት እስከ ዓርብ ማታ። እባካችሁ «አሪፍ ነው» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉ።

አንቀጽ 1፦ «ማኅበራችን በኢንተርኔት ላይ የሚደረግን ማንኛውንም ሳንሱር ይቃወማል፤ በአስቸኳይ እንዲቆምም ይጠይቃል።»

የሕግ ክፍል
እጅሽ ይባረክ። ግን ይህን የሚያነብ ባለሥልጣን መልሱ በኪሱ ነው። «እኛ ሕግ እያስከበርን ነው እንጂ ሳንሱር የት አለ?» ይላል፤ አለቀ።

የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 19 ገደብ ፈጽሞ አይቻልም አይልም። ገደቡ በሕግ የተደነገገ ይሁን፣ እንደ ሌሎች ሰዎች መብት ወይም ብሔራዊ ደኅንነት ያለ ዓላማ ይኑረው፣ ለዚያም የግድ የሚያስፈልግ ይሁን ነው የሚለው። ብዙዎቹ እገዳዎች የሚወድቁት የመጨረሻው ላይ ነው። ቱርክ በ2017 እ.ኤ.አ. በጥቂት ጽሑፎች ሰበብ ዊኪፔዲያን በሁሉም ቋንቋ ዘጋች። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መብት ተጥሷል ብሎ ገጹ እስኪከፈት ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር የቀሩት።

ሒሳብ ያዥ
እኔ ደግሞ ሌላውን ወገን ላንሳ። ከዓመታት በፊት በአንድ የማኅበራዊ ሚዲያ መድረክ ላይ ፎቶዬን ለጥፈው ስሜን ያጠፉበት ጊዜ ነበር። ያኔ «ዝጉልኝ» ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። ለመድረኩ ስንቴ እንደጻፍኩ አልቆጠርኩትም፤ መልስ የሰጠኝ የለም። አሁን ተነስቼ «ምንም አይዘጋ» ብዬ ብፈርም ራሴን ማታለል ነው።

የሕግ ክፍል
ጋሼ፣ እርስዎ የፈለጉት ያ አንድ ልጥፍ እንዲወርድ ነው። መድረኩ ለሁሉም ይጥፋ አላሉም። ረቂቁ ሁለቱን ደባልቋል፤ እዚህ ላይ ልክ ነዎት።

ቴክኒክ
ከጋሼ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ እገዳ ሲመጣ እገዳ መሆኑ አይታወቅም። በቀደም አንድ ገጽ በስልኬ ዳታ እምቢ አለኝ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ሂሳቤ ያለቀ መስሎኝ ቼክ አደረግሁ። በዋይፋይ ስሞክረው ወዲያው ተከፈተ። ዲኤንኤስ የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይር ማውጫ ነው፤ ስቀይረው በዳታም ሠራ። አንዱ የኢንተርኔት አቅራቢ የተሳሳተ አድራሻ እየሰጠ ነበር ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ የነበረው ግን «አልተገኘም» ብቻ።

እገዳ ደግሞ ያፈተልካል። በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን ሀገር ውስጥ ብቻ ልዝጋ ብሎ ያስተላለፈው የአቅጣጫ መረጃ (ወደ ዩቲዩብ በየት እንደሚኬድ ለኔትወርኮች የሚነግረው) ወደ ውጭ ወጣና ዩቲዩብ በብዙው ዓለም ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ።

ጸሐፊ
ታዲያ «በማን ትእዛዝ ተዘጋ» የሚል ማስታወቂያ ገጹ ላይ ይውጣ ብለን ብንጠይቅስ?

ቴክኒክ
ለዚህ የተዘጋጀ የስሕተት ቁጥር እንኳ አለ፤ ገጽ አልከፈት ሲል ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ዓይነት። 404 «አልተገኘም» እንደሚለው ሁሉ፣ 451 «በሕግ ምክንያት አይገኝም» ይላል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ ነው። ችግሩ፣ አሁን አብዛኛው ገጽ የተመሰጠረ ነው፤ አቅራቢው መሃል ገብቶ ማስታወቂያ ላሳይ ቢል ብራውዘሩ የደኅንነት ስጋት አለ ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ የታገዱት ዝርዝር ከነትእዛዙ በይፋ ይለጠፍ ብንል ይሻላል።

ወጣት አባል
ሁላችንም ኡኒ ፕሮብን ብንጭን እኛው መለካት እንችላለን እኮ! ዛሬውኑ እንጀምር!

ቴክኒክ
ቀስ በል ወንድሜ። መተግበሪያው አሪፍ ነው፤ የትኛው ኔትወርክ ምን እንደዘጋ መዝግቦ ለሕዝብ ያወጣል። ግን ኔትወርኩን የሚከታተል ሰው አንተ እየለካህ መሆኑን ሊያይ ይችላል። ይህን አውቆ የፈለገ ብቻ ይጫን። የማኅበሩ ግዴታ አይሁን።

ጸሐፊ
እሺ፣ እንደገና ጻፍኩት፦

«ገጽም ሆነ ልጥፍ የሚታገደው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ይሁን። ትእዛዙ የትኛው ጽሑፍ፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ እንደሚታገድ ይግለጽ። የእገዳዎቹ ዝርዝር በይፋ ይውጣ፤ ባለቤቱም ይግባኝ ማለት ይችል ዘንድ ይነገረው።»

የሕግ ክፍል
ይህ ይነበባል። ኢንተርኔትን በጅምላ ማጥፋት ግን ለብቻው አንቀጽ ይሁን። እዚያ ላይ «በፍርድ ቤት ትእዛዝ» እንዳንል፤ በር መክፈት ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ሆን ተብሎ ኢንተርኔት መቋረጡን አውግዟል፤ እሱን እንጥቀስ።

ሒሳብ ያዥ
«የትኛው ጽሑፍ» የሚለው ላይ «ከነሙሉ አድራሻው» ይጨመር። አለበለዚያ ነገ የገጹን ስም ብቻ ጽፈው ሁሉንም ይዘጉታል። ከዚያ እኔም እፈርማለሁ።

ጸሐፊ
ጨመርኩት ጋሼ። የጅምላውን አንቀጽ ማን ይጻፍልኝ?